ኦቲዝም ላለበት ልጅ የፓርክ መጫወቻ አመራረጥ

ትንሽ መጫወቻ ሁሉ ረጋ ያለ ነው ብላችሁ አትመኑ። የኔ ልጅ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። ሮለር ኮስተር ላይ እየሳቀ ወጥቶ እየሳቀ ይወርዳል። ለሕፃናት የተሠራችው፣ ቀስ ብላ የምትዞረው፣ ድምፅ ማጉያዋ አናቱ ላይ የሚጮኸው መኪና ላይ ግን ጆሮውን ይዞ ያለቅሳል። ስለዚህ መጫወቻውን ከማየታችሁ በፊት ልጁን እዩ።

ምርጫው የሚጀምረው ቤት ውስጥ ነው። ልጃችሁ የሚሸሸውንና የሚፈልገውን ወረቀት ላይ ጻፉ። ብሌንደር ሲነሳ ከክፍሉ ይወጣል? እጁ ትንሽ ሲረጥብ ልብስ ቀይሩልኝ ይላል? ሶፋ ላይ ሲዘል ይውላል? የቢሮ ወንበር ላይ ሲሽከረከር አይሰለቸውም? ስለ ስሜት ሕዋሳት ስናወራ አምስቱን ብቻ እናስባለን። መጫወቻ ላይ ግን ሁለት ሌሎች ወሳኞች ናቸው። አንደኛው የውስጠኛው ጆሮ የሚቆጣጠረው የሚዛንና የእንቅስቃሴ ስሜት ነው። ሌላው ጡንቻና መገጣጠሚያ ላይ የሚሰማ ጫና ነው። ትምህርት ቤቱ ኦኪዩፔሽናል ቴራፒስት (ልጆች የዕለት ተዕለት ተግባራቸውን እንዲችሉ የሚረዳ ባለሙያ) ካለው እሱን ወይም እሷን ጠይቁ፤ ይህን ነገር አሳምረው ያውቁታል።

መሽከርከርና መወዛወዝ አንድ አይደሉም። ወደ ፊትና ወደ ኋላ እኩል የሚወዛወዝ ነገር ብዙ ልጆችን ያረጋጋል። የሚሽከረከር ነገር ግን ያነቃቃል፤ ከወረዱም በኋላ ስሜቱ ይቆያል። ላዩ ላይ ደስ ያለው የሚመስል ልጅ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሊነጫነጭ ይችላል። ስለዚህ ሁለት የሚሽከረከሩ መጫወቻዎችን አታከታትሉ። ጭን ላይ የሚወርደው የደህንነት ብረት ደግሞ ጥብቅ እቅፍ ለሚወድ ልጅ ደስታ ነው፤ መያዝ ለሚጠላ ልጅ ጭንቅ ነው። ልጁ የመኪና ቀበቶ ሲታሰርለት የሚሆነውን አስታውሱ።

እኛ ሜሪላንድ ነው የምንኖረው፤ ብዙ ጊዜ የምንሄደው ፔንሲልቬንያ፣ ላንግሆርን ወዳለው ሰሰሚ ፕሌስ ነው። በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ይህ ፓርክ በ2018 እ.ኤ.አ. በዓለም የመጀመሪያው የኦቲዝም ማዕከልነት ማረጋገጫ ያገኘ የመዝናኛ ፓርክ ሆኗል። ማረጋገጫውን የሰጠው አይቢሲሲኢኤስ የተባለው ድርጅት ነው። ፓርኩ ለየመጫወቻው መመሪያ አለው፤ መዳሰስ፣ መቅመስ፣ መስማት፣ ማሽተትና ማየት እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ስሜቱም ይበረታል። ከድረ ገጹ አውጥታችሁ ከቤት ዝርዝራችሁ ጋር አስተያዩት። ነጥቦቹን አትደምሩ። ልጃችሁን የሚረብሸው ድምፅ ከሆነ የድምፁን ቁጥር ብቻ እዩ። መመሪያው ግን የሚያወራው ስለ አምስቱ ብቻ ነው፤ እንቅስቃሴውን በራሳችሁ ዓይን ማየት አለባችሁ። ሰዎች ተሳፍረው የቀረጹት ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ይገኛል። ከልጁ ጋር ሆናችሁ፣ ድምፁን ከፍታችሁ እዩት።

ውሃም አንድ ዓይነት አይደለም። እዚያው ሰሰሚ ፕሌስ ውስጥ በጎማ ላይ ተቀምጦ ቀስ እያሉ የሚንሳፈፉበት ወንዝ አለ። ትልቅ ባልዲ ድንገት ተገልብጦ ውሃ የሚዘረግፍበት ቦታም አለ። ለልጄ የመጀመሪያው ገነት ነው፤ ሁለተኛው አጠገብ አንደርስም። የሚጣበቅ እርጥብ ልብስ ለሚጠላ ልጅ ደረቅ ቲሸርት መያዝ አትርሱ።

ፓርኩ ደርሳችሁ ወዲያው አትሰለፉ። አጥሩ ጋ ቆማችሁ መጫወቻው ሁለት ሦስት ዙር ሲሄድ ተመልከቱ። ሲነሳ ደወል ወይም ጥሩምባ አለው? ሲቆም ፍሬኑ ድንገት "ጭስስ" ይላል? ጨለማ ውስጥ ይገባል? ጭስ ወይም ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አለ? አንዱ ዙር ስንት ደቂቃ ነው? ያያችሁትን ለልጁ በቅደም ተከተል ንገሩት። "መጀመሪያ ደወል፣ ከዚያ ሽቅብ፣ ከዚያ ቁልቁል፣ ከዚያ በቃ።" አንዴ ከተነሳ መሀል ላይ መውረድ እንደሌለም ሳይሳፈር ይስማ።

መቀመጫም ለውጥ አለው። የሚወዛወዘው መርከብ ጫፉ ላይ በጣም ከፍ ይላል፤ መሀሉ ይቀላል። ሮለር ኮስተርም መሀል ላይ ይሻላል። የሚዞሩት ፈረሶች ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የማይነሳ የማይወርድ አግዳሚ ወንበር አለ። ድምፅ የሚከላከለውን የጆሮ ማዳመጫ ይዞ መሳፈር ይፈቀድ እንደሆነ ሠራተኛውን ጠይቁ፤ ፈጣኖቹ ላይ ብዙ ጊዜ አይፈቀድም። ያለ እሱ የማይሆን ልጅ ከሆነ ያንን መጫወቻ ተዉት።

ወረፋው ከመጫወቻው ሊብስ ይችላል። ፀሐይ፣ ግፊያ፣ የሰው ሽቶ፣ መቼ እንደሚያልቅ የማይታወቅ መጠበቅ። ሲክስ ፍላግስን ጨምሮ ብዙ ፓርኮች አይቢሲሲኢኤስ ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልጋቸው እንግዶች የሚሰጠውን የተደራሽነት ካርድ ይቀበላሉ። በነፃ ነው፤ ከጉዞው ቢያንስ 48 ሰዓት ቀድማችሁ ኢንተርኔት ላይ አመልክቱ። በብዙ ቦታ ካርዱ ወረፋ አያዘልልም። የምትመለሱበትን ሰዓት ይነግሯችኋል፣ እስከዚያ ጥላ ሥር ትቀመጣላችሁ። ለኛ ትልቅ እፎይታ ነው።

ከዘመድ ጋር ስትሄዱ ደግሞ መኪና ውስጥ ሳላችሁ ተነጋገሩ። "ኧረ አንዴ ከወጣ ይለምደዋል" የሚል ሰው አይጠፋም፤ ለክፋት አይደለም፣ በፍቅር ነው። እኔ ለአክስቴ እንዲህ ብያቸዋለሁ፦ "እትዬ፣ እጁን አንስቶ በቃኝ ካለ እንመለሳለን። መግቢያው በር ላይ ብንደርስም እንመለሳለን።" አሁን እሳቸው ራሳቸው ምልክቱን ከኔ ቀድመው ያዩታል። ልጅን አስገድዶ ማሳፈር የሚያስለምደው ፍርሃትን ነው። በዚህ አልደራደርም።

ፓርኩ ሲከፈት በር ላይ ተገኙ። የሚወደውን አንድ ነገር መጀመሪያ አድርጉ፤ አዲሱንና ከባዱን ሳይደክም ሁለተኛ። ከዚያ ጸጥ ያለው ክፍል ውስጥ ረፍት፤ የት እንዳለ እንደገባችሁ ጠይቁ። ስልክ ቁጥራችሁን የያዘ አምባር እጁ ላይ እሰሩለት። ማታ ርችት መኖር አለመኖሩንም ከድረ ገጹ አጣሩ፤ ካለ ከመተኮሱ በፊት መኪናችሁ ውስጥ ሁኑ።