መኪናችሁ ስንት ሴንቲ ከፍ ትበል?

ክረምት ሲቃረብ ከሱሉልታ፣ ከሰበታ፣ ከለገጣፎ ጀርባ ቤት የሠራ ሰው ጋራዥ ይሄድና «ይቺን መኪና ከፍ አድርጉልኝ» ይላል። ስንት? «ብቻ ከፍ ትበል!» እንዲህ አይሆንም። ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ።

መጀመሪያ መኪናዋ ሥር ግቡና ጭረቱን ፈልጉ። ባምፐሩ ላይ ነው? ማርሚታው ላይ? ወይስ የኋላ ዲፈረንሻል ላይ፣ ማለትም በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ባለው የጥርስ ማርሽ ቤት ላይ? ሲኖትራኮች ድንጋይና አሸዋ ሲያመላልሱ ጭቃውን ሁለት ቦይ ያደርጉታል፣ መሃሉ ጉብታ ሆኖ ይቀራል፣ እዚያ ላይ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ ዲፈረንሻሉ ነው። ችግሩ፣ ሞላ ወይም ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ንጣፉን) ስትቀይሩ ከፍ የሚለው ሻንሲው (የመኪናዋ አጽም) እና ቦዲው ነው። የሂሉክስና የፕራዶ የኋላ ዲፈረንሻል ካለበት ንቅንቅ አይልም። እሱን የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው፣ ያውም በግማሽ፦ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ልክ ከ265/65 አር 17 ወደ 265/70 አር 17 ብትሄዱ ጎማው 2.6 ሴንቲ ያህል ይረዝማል፣ ዲፈረንሻሉ ግን 1.3 ሴንቲ ብቻ ያገኛል። ጭረታችሁ እዚያ ከሆነ ገንዘባችሁን መጀመሪያ ጎማ ላይ አውሉት።

ቀጥሎ ለኩ። ደልዳላ ቦታ አቁሙና ከቸርኬው መሃል ቀጥ ብላችሁ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ያዙ። ልኬቱን ከመሬት አትጀምሩ፣ የጎማ ንፋስ ያሳስታችኋል። አራቱንም ጻፉ፣ ባዶዋንም፣ ዘወትር የምትጭኑትን ጭናችሁም። አንዱ ጎን ዝቅ ካለ ወይም ኋላዋ ቁጭ ካለ ሞላው ደክሟል ማለት ነው፤ አዲስ ኦሪጅናል ሞላ ብቻውን ሊበቃችሁ ይችላል። ባሌስትራ ማስጨመርማ ርካሽ ነው፣ ግን በየቀኑ ሲሚንቶ የማይጭን ሰው ለምን እንደሚያስጨምር አይገባኝም፤ ባዶዋን ኮብልስቶን ላይ ስትነዷት ኩላሊታችሁ ይነግራችኋል።

አሁን ቁጥሩ። ለከተማ ዳር ኑሮ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ በቂ ነው፣ ሁለት ኢንች የሚሉት ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ የፊት ሲቪ ጆይንት (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ መገጣጠሚያ) በጣም ያዘነብላል፣ የሚሸፍነው ላስቲክ ይቀደዳል፣ ግራሶው ይወጣል፣ የፊት ጎማውን ከላይ የሚይዘው ክንድም ይቀየር ይባላል። ደግሞ ጎማ ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም መውረድ አለበት፤ ሾክ አብዞርበሩን ሳትቀይሩ በስፔሰር (ሞላው ላይ በሚገባ ማስነሻ ቁራጭ) ብቻ ከፍ ካደረጋችሁት ሾኩ ቶሎ ተወጥሮ ያልቅና ጉድጓድ በገባችሁ ቁጥር ይደበድባል። ከፍ ያለች መኪና እንጦጦ ጥምዝ ላይም ትወዛወዛለች፣ ይሄን እንኳ ማንም ያውቀዋል።

ክረምት ላይ መረሬ አፈር ውስጥ ግን ከከፍታው ይልቅ ጥርሱ ጥልቅ የሆነ ጎማ ነው የሚያወጣችሁ። የጎማው ጥርስ በጭቃ ከተደፈነ አምስት ሴንቲም ቢጨመር ያው ናችሁ።

ሥራው ሲያልቅ የጎሚኒዎቹ (ክንዶቹ መጋጠሚያ ላይ ያሉት ላስቲኮች) ቡሎኖች መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ይጠበቁ፤ ክሪክ ላይ ተንጠልጥላ ከተጠበቁ ጎሚኒው ቶሎ ይበላል። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ የፍሬን ቱቦው አለመወጠሩንም እዩ። አላይመንት አስደርጉ። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ያንኑ አራት ልኬት ድገሙ፣ አዲስ ሞላ ትንሽ ቁጭ ይላል። የፊት መብራቱንም ዝቅ አስደርጉት፣ አለዚያ በሰንዳፋ መንገድ ማታ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ነው የምታጠፉት።