ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲሥሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጭንቀት የበዛበት ሰው እርሳስና ደብተር ይዞ ከአንድ ዛፍ ሥር ቢቀመጥ ትልቅ እረፍት ያገኛል። ብዙዎች ግን በጥቂት ስህተቶች ምክንያት ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ደብተሩን ዘግተው ያስቀምጡታል።

የመጀመሪያው ስህተት ሩቅና ግዙፍ ነገር መፈለግ ነው። የሰሜን ተራሮችን ወይም የጣናን ዳርቻ ካላየሁ ምን እሥላለሁ የሚል ሰው ዓመቱን ሙሉ ሳይሥል ይከርማል። ገደልንና ሰማይን በአንድ ገጽ ላይ ማስፈር ለጀማሪ ከባድ ነው፤ የጓሮ ኮባ ቅጠል ወይም ከአጥር ሥር የወደቀ የባህር ዛፍ ፍሬ ግን ከደጅ ይገኛል፣ በቅርብም ይታያል።

ከሁሉም የሚብሰውና ሰፋ አድርጌ ልገልጸው የምፈልገው ስህተት የሚያዩትን ትቶ የሚያውቁትን መሣል ነው። ቅጠል አረንጓዴ ነው ብለን ስለምናምን ዓይናችን ሳያርፍበት አረንጓዴውን ቀለም እናነሳለን። እናቴ ታማ በተኛችበት ሰሞን፣ በሆስፒታሉ ግቢ ከሚገኝ የወይራ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ስጠብቅ፣ አንዲት ቅጠል ቀጥፌ ከእህቴ ልጅ ቦርሳ በወሰድኋቸው ባለቀለም እርሳሶች መሣል ጀመርሁ። ፊቷ ጥቁር አረንጓዴና አንጸባራቂ ነበር፤ ስገለብጣት ግን ጀርባዋ ወርቃማ ቡናማ ሆኖ አገኘሁት። በወይራ መፋቂያ ጥርሴን እየፋቅሁ፣ የወተት ዕቃ በወይራ ሲታጠን እያየሁ ባድግም ይህን ቀለም አስተውዬው አላውቅም ነበር። ቢጫውን በቡናማው ላይ ደጋግሜ ሳሰምር፣ ሐኪሙ ምን ይለን ይሆን የሚለው ሐሳብ ለግማሽ ሰዓት ያህል ለቀቀኝ። ፈውሱ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ዓይን ከቅጠሉ ወደ ወረቀቱ፣ ከወረቀቱ ወደ ቅጠሉ ሲመላለስ ልብ ለነገው ስጋት ፋታ አያገኝም። ነጭ ባህር ዛፍም እንዲሁ ጥሞናን የሚጠይቅ ነው፤ ለጋ ቅጠሉ ሰፋ ያለና አመድማ ሰማያዊ ሲሆን የበሰለው ረጅምና እንደ ማጭድ የተቆለመመ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚሥል ሰው ዛፉን ገና አላየውም።

በስልክ ፎቶ አንስቶ ቤት ገብቶ መሣልም የተለመደ ነው። ዝናብ ካልመጣ በቀር አልመክረውም፤ ነፋሱ፣ የቅጠሉ ሽታና የሚዞረው ጥላ ከፎቶው ጋር አይመጡም።

«ተሰጥዖ የለኝም» ብሎ መተው ሌላው ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ 39 ጎልማሶች ለ45 ደቂቃ በማርከር፣ በሸክላ ጭቃና በወረቀት ቁርጥራጭ የፈለጉትን እንዲሠሩ ተደርጎ፣ ከሥራው በፊትና በኋላ ምራቃቸው ተመርምሯል። ከጭንቀት ጋር የሚያያዘው ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ከተሳታፊዎቹ 75 በመቶ ያህሉ ላይ ቀንሶ ተገኝቷል፤ ቀድሞ የሥነ ጥበብ ልምድ ባላቸውና በሌላቸው መካከልም የጎላ ልዩነት አልታየም። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም ለጀማሪ የሚያበረታታ ነው።

እያንዳንዱን መስመር በላጲስ ማጥፋትና ሥዕሉ ሳያልቅ ለሰው ማሳየትም ይቅሩ። የተሳሳተው መስመር ባለበት ይቆይና ትክክለኛው ከጎኑ ይሠመር።

በመጨረሻ፣ ሕክምናን በሥዕል መተካት አደገኛ ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 «አርት ቴራፒ» (በሥነ ጥበብ ማከም) የሚለውን ስያሜ ያወጣው እንግሊዛዊው ሠዓሊ ኤድሪያን ሂል የሥዕልን ፈዋሽነት የተረዳው በሳናቶሪየም ተኝቶ ለሳንባ ነቀርሳ በሚታከምበት ወቅት ነው፤ ሥዕሉ ከሐኪሞቹ ክትትል ጎን ለጎን የሚሄድ ነበር። ስለዚህ እንቅልፍ ካጣ ወይም ምግብ ከጠላ ሳምንታት ያለፉት ሰው ወደ ባለሙያ ይሂድ፤ ደብተሩንና እርሳሱን ግን ተራ ወደሚጠብቅበት አግዳሚ ወንበር ይዟቸው ይግባ።