የደን ካርቦን ልቀትን በሚቀንስ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ውስጥ የገጠር ነዋሪዎችን ማሳተፍ

የሳተላይት ምስል ደኑ መመንጠሩን ያሳያል፤ ማን፣ ለምን ዓላማ እንደመነጠረው ግን ሊናገር አይችልም። ዕቅድ አውጪው ይህን ከነዋሪው መስማት አለበት፤ ለዚህም ወደ መጀመሪያው ስብሰባ የታተመ ካርታ ይዞ ባይሄድ ይመረጣል።

ከሁሉ አስቀድሞ ስምምነት ይጠየቃል። በ2010 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ካንኩን በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ የጸደቁት የሬድ ፕላስ (ታዳጊ አገሮች ደናቸውን ጠብቀው ልቀት ሲቀንሱ ክፍያ የሚያገኙበት ዓለም አቀፍ አሠራር) ጥበቃ መርሆዎች የነዋሪዎችን ሙሉና ውጤታማ ተሳትፎ ይጠይቃሉ። በስብሰባ መገኘትን የሚያረጋግጥ ፊርማ ይህን አያሟላም (አበል ለማወራረድ የተሰበሰበ ፊርማ ደግሞ ጭራሽ)፤ ሰዎች በቋንቋቸው ተረድተው፣ እርስ በርስ ለመመካከር ጊዜ አግኝተው፣ ካልፈለጉም «አይሆንም» ማለት መቻል አለባቸው።

ቀጥሎ ነዋሪዎቹ ካርታቸውን መሬት ላይ ይሥሩ። ወንዙ በአመድ፣ ደኑ በቅጠል፣ ቤቶቹ በጠጠር ሊወከሉ ይችላሉ። ሽማግሌዎች በወሰን ሲከራከሩ ለማስማማት አይቸኩሉ፤ ወደፊት ግጭት የሚነሳበትን ቦታ የሚጠቁመው ይኸው ክርክር ስለሆነ በማስታወሻ ይያዝ። ማገዶ የሚለቅሙት ሴቶችና በበጋ ከብት ወደ ደኑ የሚያስገቡት እረኞች ለየብቻ ካርታ ቢሠሩ፣ በጋራ ስብሰባ ላይ የማይነሱ መንገዶችና የውሃ ቦታዎች ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ወሰኑን ከነዋሪዎቹ ጋር በእግር እየዞሩ በጂፒኤስ መመዝገብና ከሳተላይቱ ምስል ጋር ማመሳከር ይቻላል።

ብዙ ዕቅዶች የሚከሽፉት ደኑን ከልለው የማገዶውን ጥያቄ ሳይመልሱ ሲቀሩ ነው። የተከለከለው ቆረጣ ወደ ጎረቤት ደን ይሸሽና ልቀቱ ቦታውን ቀይሮ ይቀጥላል። ስለዚህ ክልከላው ከመታወጁ በፊት አንድ ቤተሰብ በሳምንት ስንት ሸክም እንጨት እንደሚጠቀም ይቆጠር፤ ለማገዶ የሚተከለው ዛፍም ለመቆረጥ ዓመታት ስለሚፈጅበት፣ ደኑ የሚዘጋው በየክፍሉ፣ ተተኪው በደረሰ መጠን ይሁን።

ልኬቱንም ነዋሪዎች ሊሠሩት ይችላሉ። የዛፉ ዙሪያ ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ በሜትር ይለካል፤ ቦታው ተዳፋት ከሆነ ከፍታው የሚወሰደው ከላይኛው ወገን ነው። ውፍረቱ የሚገኘው ዙሪያውን ለ3.14 በማካፈል ሲሆን፣ ከዚህ ተነስቶ ደረቅ ክብደቱን በቀመር የማስላቱ ሥራ ለባለሙያው ይተዋል። ከደረቅ ክብደቱ 47 በመቶ ያህሉ ካርቦን ነው፤ ይህ በ3.67 ሲባዛ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መጠን ይገኛል። ስለዚህ አንድ ቶን ደረቅ እንጨት ወደ 1.7 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመጣል። ሰዎች የለኩትን ቁጥር ማመን ይቀላቸዋል።

ክፍያን በሚመለከት ቃል ከመግባት መቆጠብ ይገባል፤ በውጤት ላይ የተመሠረተ ክፍያ የሚመጣው ልቀቱ መቀነሱ ተለክቶ ከተረጋገጠ በኋላ ነውና ዓመታት ሊወስድ ይችላል። የክፍፍሉ ደንብና ቅሬታ የሚቀርብበት አካል ግን ገንዘቡ ከመድረሱ በፊት በጽሑፍ ይወሰኑ፤ የደንቡና የካርታው አንድ አንድ ቅጂም ማንም ነዋሪ ሊያየው በሚችልበት ቦታ እዚያው መንደሩ ውስጥ ይቀመጥ።