ወደ ዊንዶውስ 11 ስትሸጋገሩ «ፎርማት ላድርገው?» ለሚላችሁ እንቢ በሉ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሰው መታወቂያ ኮፒ ሊያደርግ ይገባና፣ ላፕቶፑን ከቦርሳው አውጥቶ «ዊንዶውስ 10 አበቃለት አሉ፣ እውነት ነው?» ይለኛል።

እውነት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ያቆመው ጥቅምት 4/2018 ዓ.ም. ነው። አብሽሩ፣ ኮምፒውተሩ ነገም ይነሳል። ግን ኢንተርኔት ላይ የምትውሉ ከሆነ፣ አዲስ የሚገኝ የደህንነት ቀዳዳ ሳይደፈን ይቀራል። ስለዚህ መቀየሩ አይከፋም።

የአቀያየሩ ነገር ነው የሚያናድደኝ። ዊንዶውስ ቀይርልኝ ሲባል የብዙ ባለሙያ እጅ ቀጥታ ወደ ፎርማት፣ ማለትም ዲስኩን አጥፍቶ ከዜሮ ወደ መጫን ይሄዳል። ለእሱ ይፈጥንለታል። እናንተ ግን ፕሪንተሩን፣ ፎንቱን፣ የአማርኛ መጻፊያውን ፓወር ግዕዝ፣ የይለፍ ቃሉን ሁሉ እንደገና ልትለቅሙ ነው። ዊንዶውስ 10 እየሠራ ከሆነ፣ ምንም ሳይጠፋ በላዩ ላይ 11ን መጫን ይቻላል።

መጀመሪያ ማሽኑ ይችል እንደሆነ እዩ። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት ውስጥ የፕሮሰሰሩ ስም አለ። ኢንቴል ከሆነ ከ«አይ 5» ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ። 8250 ካለ ስምንተኛ ጀነሬሽን ነው፣ ያልፋል። 6500 ካለ ስድስተኛ ነው፣ አያልፍም። የኤኤምዲው ራይዘን ከሆነ ከ2000 ተከታታይ ጀምሮ ያሉት አብዛኞቹ ያልፋሉ። ስላሽ (ያገለገለ ላፕቶፕ) ስትገዙ ሻጩ «ኮር አይ 5 ነው» ብሎ ዝም ካለ፣ ስንተኛ ጀነሬሽን እንደሆነ ጠይቁት። ራም ቢያንስ 4 ጊጋ፣ ዲስክ ቢያንስ 64 ጊጋ ይላል ማይክሮሶፍት። በ4 ጊጋ መሥራት ግን ትዕግስት መፈተን ነው። 8 ይሁን። ዲስኩ የድሮው የሚሽከረከረው ከሆነ ደግሞ ገንዘባችሁን በቅድሚያ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ) ላይ አውሉት።

ቀጥሎ ቲፒኤም የሚባለው የደህንነት ቺፕ አለ። 2.0 መሆን አለበት። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና «አር»ን አብራችሁ ተጫኑ፤ በምትመጣው ጠባብ ሳጥን ውስጥ የቲፒኤምን ሦስት ፊደላት፣ ነጥብ፣ ከዚያ ኤም፣ ኤስ፣ ሲ ጻፉ። «አልተገኘም» ቢላችሁም ተስፋ አትቁረጡ፤ ብዙ ጊዜ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ሴቲንግ) ውስጥ ተዘግቶ ነው። ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ታገኙታላችሁ። ባዮስ ከመንካታችሁ በፊት ግን ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር በርቶ እንደሆነ እዩ። በርቶ ከሆነ የመክፈቻ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ያለ እሱ የራሳችሁ ፋይል በራሳችሁ ላይ ሊቆለፍ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ኮምፒውተራቸውን ሲያመጡልኝ ስለ ዊንዶውሱ አንድም ነገር አልጠየቁኝም። «ልጄ፣ መዝገቡን አደራ» ነው ያሉኝ። የአባላቱ ስም፣ የከፈለው፣ ያልከፈለው፣ ሁሉም እዚያ አለ። ከፈትኩት። የተጻፈው በድሮ የግዕዝ ፎንት ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ሰው ፋይሉ የተበላሸ ይመስለዋል፤ የጠፋው ግን ፎንቱ ነው። «አብሽሩ ጋሼ» አልኳቸውና መዝገቦቹን በሙሉ ፒዲኤፍ አድርጌ አስቀመጥኩ። ከዚያ ሲ ድራይቭ ገብቼ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ፎንትስ ከሚለው ፎልደር የግዕዞቹን ወደ ፍላሽ ገለበጥኩ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ዴስክቶፕ ላይ የከመራችሁትን፣ ዶክመንትስን፣ ዳውንሎድስ ውስጥ ያለውን የቴሌግራም ፎልደር አትርሱ። ፍላሹን አስቀድማችሁ ስካን አድርጉት፤ ፎቶ ኮፒ ቤት የዞረ ፍላሽ ቫይረስ አያጣም፣ የእኔን ቤት ጨምሮ።

አይኤስኦ የሚባለውን የዊንዶውስ 11 መጫኛ ፋይል ከራሱ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አውርዱ። ከ5 ጊጋ በላይ ስለሆነ የሌሊት ጥቅል ይሻላል። ቋንቋው አሁን ካለው ዊንዶውስ ጋር አንድ ይሁን። የአሜሪካ እንግሊዝኛ እና «ኢንተርናሽናል» የሚለው እንግሊዝኛ አይገጥሙም፤ ከተለያዩ ፕሮግራሞቻችሁን ይዞ አያልፍም።

መብራት! ደሴ ላይ ደመናው ከጦሳ ተራራ ሲወርድ መብራቱም አብሮ የሚሄድበት ቀን አለ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) የሌለው ዴስክቶፕ ካላችሁ በክረምት ከሰዓት በኋላ አትጀምሩ። ላፕቶፕ ሞልቶ፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ ይሁን። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ሙቀቱን አስቡ፤ ላፕቶፑን ፍራሽ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ አድርጉት።

ጭነቱ ራሱ ቀላል ነው። አይኤስኦውን ሁለቴ ተጫኑት፣ እንደ ድራይቭ ይከፈታል። ሴትአፕ የሚለውን አስነሱ። አሁኑኑ አፕዴት ላውርድ ካላችሁ «ኖት ራይት ናው» በሉት፤ ጥቅላችሁን ይቆጥባል። መጨረሻ ላይ «ኪፕ ፐርሰናል ፋይልስ ኤንድ አፕስ» መመረጡን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ካልተመረጠ ወይም አልመረጥ ካለ እዚያው አቁሙና ቋንቋውን እዩ። ከዚያ ሻይ አፍሉ። ደጋግሞ ይጠፋል፣ ይነሳል። አንድ ፐርሰንት ላይ ቢዘገይም የማጥፊያውን ቁልፍ እንዳትነኩ።

ማሽኑ ካላለፈስ? ሩፉስ በሚባል ፕሮግራም መስፈርቱን ዘሎ መጫን ይቻላል፤ ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ያለው አፕዴት ለመላክ ዋስትና አይሰጥም። ለደንበኛ አልሠራውም። ዊንዶውስ 10 ላይ ቆዩና ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ ለተራዘመው የደህንነት ድጋፍ ተመዝገቡ፤ እስከ ጥቅምት 3/2019 ዓ.ም. ያቆያችኋል። የማይክሮሶፍት አካውንት ያስፈልጋል። ሥራችሁ ብሮውዘርና ፊልም ብቻ ከሆነ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ነጻ ሲስተም ከፍላሽ አስነስታችሁ ሳትጭኑ ሞክሩት። በፓወር ግዕዝ ለሚኖር ሰው ግን አልመክረውም።

11 ከገባ በኋላ ፕሪንተሩን አንድ ገጽ አስወጡበት፣ የድሮ ሰነድ ክፈቱ። የኒያላ ፎንት ከሌለ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ውስጥ ኢትዮፒክ ሰፕለሜንታል ፎንትስ የሚለውን ጨምሩ። የአማርኛ ኪቦርድ «ላንጉዌጅ» ውስጥ አለ። 10ሩ በሕጋዊ ቁልፍ ይሠራ ከነበረ 11ም ያለ ክፍያ ይሠራል። ካልጣማችሁ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ውስጥ «ጎ ባክ» የሚል አለ፤ በ10 ቀን ውስጥ ወደ ዊንዶውስ 10 ይመልሳችኋል። እስከዚያ ድረስ ቦታ ለማስለቀቅ ብላችሁ የድሮውን ዊንዶውስ ፎልደር አታጥፉ፣ መመለሻው እሱ ነው።