ታላቅ እህትዎን ለማህፀን በር ካንሰር ምርመራ እንዴት ይዘዋት ይሄዳሉ?

እትዬን ደሴ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ለማድረስ ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ምርመራው ራሱ ግን ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

ምርመራው ምንም ላላመማት ሴት ነው፤ በተለይ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላለች። ከኤችአይቪ ጋር የምትኖር ቀደም ብላ ትጀምራለች። ከግንኙነት በኋላ ወይም ካረጠች በኋላ ደም የምታይ ሴት ግን የምርመራ ቀን አትጠብቅ፤ ቶሎ ሐኪም ጋ ትሂድ።

የማህፀን በር ካንሰር ጊዜ ይሰጣል። ኤችፒቪ የሚባለው ቫይረስ ከያዘ በኋላ ካንሰር እስኪሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። እኛ ሴቶች ያን ሁሉ ዓመት ዝም ብለን ስናሳልፈው ያንገበግበኛል።

ከባዱ ማሳመን ነው። መጀመሪያ የጠየቅኳት ቡና ላይ፣ ጎረቤቶች ባሉበት ነበር። «እትዬ፣ የማህፀን ምርመራ አድርገሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት። ሲኒዋን ሳትጨርስ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ በኋላ ለወራት ጉዳዩን ማንሳት አልቻልኩም። እባካችሁ፣ ይህን በሰው ፊት አታንሱ።

ሁለተኛው ሙከራ ከሰኞ ገበያ ስንመለስ ነበር፣ ዳገቱን ቀስ እያልን። ብቻችንን ስንሆን የልቧን ነገረችኝ። አንደኛ፣ «ከተገኘብኝ ልጆቼን ማን ያይልኛል?» ሁለተኛ፣ ወንድ ባለሙያ ፊት መተኛት አትፈልግም። በማግስቱ ብቻዬን ጤና ጣቢያ ሄጄ ጠየቅኩ። የምትመረምረው ሴት አዋላጅ ነርስ ነበረች። ለእትዬ ይህን ነግሬያት «እኔም ካንቺ ጋር እመረመራለሁ» ስላት እሺ አለች።

ከዚያ እኔው አበላሸሁት። ቀኑን ሳልጠይቃት ይዣት ሄድኩ፣ ለካ የወር አበባዋ መጥቷል። ተመለስን፤ እንደገና እሺ እስክትል ሦስት ወር ሄደ። ስለዚህ የወር አበባዋ ካበቃ በኋላ ውሰዷት። ከምርመራው በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ግንኙነትም፣ በማህፀን የሚገባ መድኃኒትም ይቅር። ለንጽህና ተብሎ ውስጥን በሎሚ ወይም በሳሙና መታጠብማ መቼም አይጠቅምም።

ካርድ አውጥታችሁ ተራ ትጠብቃላችሁ። ነርሷ የማህፀኑን በር ለማየት መክፈቻ መሣሪያ ታስገባለች። ከዚያ የቀጠነ አሴቲክ አሲድ በጥጥ ትቀባለች፤ ሽታው የኮምጣጤ ነው። አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። እትዬ እጄን ጨምቃ ይዛ «አለቀ?» አለች። አልቆ ነበር።

አሲዱ የተቀባው ቦታ ላይ ነጭ ነገር ከታየ ካንሰር ነው ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ወደ ካንሰር ሊሄድ የሚችል ለውጥ ነው፤ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይታከማል፣ አንዳንዴም በዚያው ቀን። የኤችፒቪ ምርመራ ካለ ግን እኔ እሱን እመርጣለሁ፤ ናሙናውን ራሷ መውሰድ ትችላለች፣ ለሚያፍሩ እህቶች ትልቅ እፎይታ ነው። ላረጡ ሴቶችም በአሲዱ ከማየት ይሻላል።

ከመውጣታችሁ በፊት ቀጣዩን ቀጠሮ አስጽፉ። ሴት ልጅ ካለቻችሁ ስለ ኤችፒቪ ክትባቱም እዚያው ጠይቁ፤ በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል። እትዬ ለልጇ የጠየቀችው ጫማዋን እንኳ ሳታስር ነው።