በቪዲዮ ጥሪ መሃል የሚቆራረጠውን ዋይፋይ እንዴት አስተካከልኩት

በቪዲዮ ስብሰባ ላይ በየጥቂት ደቂቃው ምስሌ ደርቆ ይቀር፣ ድምፄም ይቆራረጥ ነበር። የፍጥነት መለኪያው ሁልጊዜ ጥሩ ቁጥር ቢያሳየኝም ለሳምንታት አገልግሎት ሰጪውን ስወቅስ ከረምኩ። ተሳስቼ ነበር።

ነገሩን የገለጠው ቀላል ሙከራ ነው። ጥሪው እየተካሄደ ሳለ ከኮምፒውተሬ ወደ ራውተሩ (ዋይፋዩን ወደሚያሰራጨው ሳጥን) ብቻ ተከታታይ ፒንግ፣ ማለትም ምላሹ በስንት ጊዜ እንደሚመለስ የሚለካ አጭር መልእክት፣ ላክሁ። እዚያው ቤት ውስጥ ካለ ዕቃ በጥቂት ሚሊሰከንድ መመለስ የነበረበት ምላሽ አንዳንዴ 400 ይደርሳል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይመለስም። ኮምፒውተሩን ከራውተሩ ጋር በኬብል ሳገናኘው ችግሩ ጠፋ። ጥፋተኛው ዋይፋዩ ነው ማለት ነው።

ኮምፒውተሩ የተያያዘው በ2.4 ጊጋኸርዝ ነበር፤ የጎረቤት ራውተሮች፣ ብሉቱዝ፣ ማይክሮዌቭ ምድጃ ሳይቀር የሚጋፉበት ሞገድ። ራውተሩ ለሚያሰራጨው ሌላ ሞገድ፣ ለ5 ጊጋኸርዙ፣ የተለየ የዋይፋይ ስም ሰጥቼ ኮምፒውተሩን ወደዚያ አዛወርኩት። ይህኛው ግን ግድግዳ ሲያጋጥመው ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥቼ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ለውበት ብዬ የደበቅሁት እኔው ነኝ።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፦ ስልኬ ፎቶዎችን ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ ሲልክ የመላኪያውን መስመር ያጣብበዋል። ሌሊት ብቻ እንዲልክ አደረግሁት። አሁን ፒንጉ ከ2 እስከ 6 ሚሊሰከንድ ነው።