ጤና መድህን ጅማ ላይ፦ የገቢ ጣሪያ የሚባል ነገር አትፈልጉ

ሰሞኑን ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ "ገቢዬ ከስንት ብር ሲያንስ ነው መንግስት የጤና መድህን መዋጮዬን የሚከፍልልኝ?" እያለ ነው። አሜሪካ ያሉ ዘመዶች በስልክ ሲያወሩ ተሰምቶ ነው መሰለኝ፣ እዛ በዓመት ይሄን ያህል ዶላር ካላለፍክ ድጎማ አለህ ይባላል። እኛ ጋ እንደዛ የተቆረጠ ብር የለም።

መጀመሪያ የሚታየው ገቢያችሁ ከየት እንደሚመጣ ነው። ገበሬ ከሆናችሁ፣ ጉልት ከቸረቸራችሁ፣ ባጃጅ ከነዳችሁ፣ የቀን ስራ ከሰራችሁ ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ላይ ነው የምትገቡት። ደሞዝተኛው በ2002 በወጣው የማህበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ስር ነው፣ ከደሞዙ 3 ፐርሰንት ከአሰሪው 3 ፐርሰንት ይላል፣ ስንት ዓመት ሲጓተት እንደኖረ ግን እሱው ያውቀዋል።

ማህበረሰብ አቀፉ ላይ ሆኖ መክፈል ጭራሽ የማይችል ሰው ቀበሌው ይሂድ። ፔይሮል አይጠየቅም፣ ቤት አለው ወይ፣ መሬት፣ ከብት፣ የሚጦረው ልጅ አለ ወይ ነው የሚታየው፣ ማን መክፈል እንደማይችል የሚለየው፣ ልየታ የሚሉት፣ የሚያውቁት ነዋሪዎች ባሉበት ነው። መዋጮውን ክልሉና ወረዳው ይሸፍኑለታል። በጀቱ ውስን ስለሆነ የሚያዘው ሰው ቁጥርም ውስን ነው፣ ስለዚህ ልየታው መቼ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ጎረቤት ያሉ አቅመ ደካማ እማማ ካሉም እናንተ ሂዱላቸው፣ እሳቸው በይሉኝታ ዝም ነው የሚሉት።

መክፈል የሚችለው ደግሞ በዓመት አንዴ በቤተሰብ ይከፍላል፣ ባል ሚስትና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አንድ ላይ ናቸው፣ ከዛ በላይ ላለ ልጅ ጭማሪ አለው። ተመኑ ይቀያየራል። በ2003 የማህበረሰብ አቀፉ ሙከራ ሲጀመር እዚሁ ጅማ ዞን ሊሙ ኮሳ ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዷ ነበረች፣ ያኔ ኦሮሚያ ላይ በዓመት 180 ብር ነበር፣ ዛሬ በዛ ሂሳብ አትሂዱ፣ ቀበሌ ጠይቁ።

በየዓመቱ የመድህኑን ማደሻ ጊዜ እንዳታሳልፉ። አክስቴ የቡናው ብር እጇ ላይ እያለ "ነገ ነገ" ስትል አለፋት፣ ከዛ ልጇ ታሞ ሁሉንም ከኪሷ ከፈለች።

ስትታመሙ ደግሞ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ነው። ሪፈር ሳይዙ ቀጥታ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚሄዱ ሰዎች የመድህን ካርድ እያላቸው ከኪሳቸው ሲከፍሉ አይቻለሁ፣ ድንገተኛ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ለመነጽርና ለሰው ሰራሽ ጥርስ ግን ካርዱን ይዛችሁ አትድከሙ፣ አይሸፍንም።